የዘገየውን የድምፅ መሣሪያ ለማን አስቀድሞ መላክ? የወረፋ አያያዝ ዝርዝር መመሪያ

በክራውድፈንዲንግ፣ ማለትም ከብዙ ሰዎች በኢንተርኔት አስቀድሞ ገንዘብ ተሰብስቦ የሚሠራ የሙዚቃ ማጫወቻ፣ የጆሮ ማዳመጫ ወይም ማጉያ በተባለው ቀን አለመድረሱ ብርቅ አይደለም። ገንዘቡን ያዋጡት ደጋፊዎችም መዘግየቱን ብዙ ጊዜ ይታገሡታል። የማይታገሡት ከእነሱ በኋላ የከፈለ ሰው ዕቃውን ከካርቶን ሲያወጣ ማየትን ነው። ስድስት ወር ድምፁን ሳያሰማ የጠበቀ ሰው ያን ቀን ይቆጣል። ለምን እንደተቀደመ የነገረው ስለሌለም ቁጣው እውነት አለው።

ይህ መመሪያ ዕቃውን ሠርተው ለሚልኩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ሊቀበል ስለማይችል ወረፋውን ፍትሐዊ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፦ ማንኛውም ደጋፊ የተጻፈውን ደንብ ይዞ ተራውን ራሱ ቢያሰላ እናንተ ከሰጣችሁት ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት። ደንቡ የሚጻፈው ደግሞ የመጀመሪያው ካርቶን ከፋብሪካ ሳይወጣ ነው። ከወጣ በኋላ የተጻፈ ደንብ እንደ ሰበብ እንጂ እንደ ደንብ አይታይም።

1. መጀመሪያ ሒሳቡ፦ ገንዘቡ እስከ መጨረሻው ሰው ይደርሳል?

ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፤ ሌላው ሁሉ ግን የቆመው በዚህ ላይ ነው። ያልተላኩትን ዕቃዎች ብዛት ያዙ። ለአንዱ ዕቃ የቀረውን ወጪ ሁሉ ደምሩ፦ ክፍሎቹን፣ ግጣጠማውን፣ ፍተሻውን፣ ማሸጊያውን፣ ማጓጓዣውን፣ ቀረጥና ግብሩን። ለብልሽት ምትክ 3 በመቶ ጨምሩ። ከዚያ በእጃችሁ ካለው ገንዘብ ጋር አነጻጽሩት።

1,200 ዕቃ ቀርቶ ገንዘቡ ለ900 ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ወረፋው መልኩን ቀይሯል። የሚወስነው ማን እንደሚቀድም መሆኑ ቀርቶ ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ሆኗል። ከ1 እስከ 900 ያሉት ሙሉ ዕቃ ይወስዳሉ፣ የቀሩት 300 ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ፤ እናንተም ይህን እያወቃችሁ በተራ ትልካላችሁ። የክራውድፈንዲንግ መድረኩ ኪክስታርተር በውሉ ላይ ፕሮጀክቱን መጨረስ ያልቻለ ሰው የተሠራውን ሥራና የገንዘቡን አወጣጥ እንዲያስረዳ፣ የቀረ ገንዘብ ካለም ዕቃ ላልደረሳቸው ደጋፊዎች ባዋጡት ልክ እንዲመልስ ያዛል። በደፈናው መላክ የሚበላው ይህንኑ ቀሪ ገንዘብ ነው።

የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። ኦሲክ ኤክስ የተባለው ባለ ሦስት አቅጣጫ ድምፅ የጆሮ ማዳመጫ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪክስታርተር ወደ 2.7 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቦ ነበር። ኩባንያው በ2018 ሲዘጋ አብዛኛው ደጋፊ ምንም አልደረሰውም። ከፍ ያለ ክፍያ የከፈሉ ጥቂቶች ግን ቀድመው ተቀብለው ነበር።

ስለዚህ ጉድለት ካለ መላኩን አቁሙ። ጉድለቱን በቁጥር ግለጹ፤ በብድር፣ በርካሽ ማጓጓዣ ወይም በሌላ መንገድ መሙላት እንደሚቻል አጣሩ። ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚታለፈው የመጨረሻው ሰው ዕቃ በሒሳብ ከተሸፈነ በኋላ ነው።

2. አንድ መዝገብ ብቻ

የወረፋ ጠብ ግማሹ የሚመጣው ሁለት ሦስት ሠንጠረዥ ከመያዝ ነው፤ አንዱ ከመድረኩ የወረደ፣ አንዱ መጋዘኑ የሚሠራበት፣ አንዱ ደብዳቤ የሚመልሰው ሰው ዘንድ ያለ። ወደ አንድ አምጧቸው። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ዕቃ እንጂ አንድ ሰው አይሁን፤ ሦስት ዕቃ ያዘዘ ሰው ሦስት ረድፍ ይኖረዋል። የሚያስፈልጉት ዓምዶች እነዚህ ናቸው፦

የደጋፊው መለያ ቁጥር፤ ገንዘብ ለመስጠት ቃል የገባበት ቀንና ሰዓት፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት፤ የተራ ቁጥር፤ የዕቃው ዓይነት፣ ማለትም ቀለም፣ ቮልቴጅና የመውጫ ሶኬት፤ የመዳረሻ ቀጣና፤ የአድራሻ ሁኔታ፤ የተመደበበት ዙር፤ የተላከበት ቀን፤ የመከታተያ ቁጥር፤ የመዝለያ ምክንያት።

የመጨረሻው ዓምድ ከሁሉ ይበልጣል። አንድ ሰው በተራው ካልተላከለት ከሚከተሉት ፊደላት አንዱ ይጻፍበት፦ ሀ፣ አድራሻ አልሰጠም፤ ለ፣ ያዘዘው ዓይነት ገና አልተሠራም፤ ሐ፣ የቀጣናው ፈቃድ አልመጣም፤ መ፣ አጓጓዡ ባትሪ ያለበትን ዕቃ ወደዚያ አገር አይወስድም፤ ሠ፣ ራሱ ቆይልኝ ብሏል። ከእነዚህ ውጪ ሰው የሚዘለልበት ምክንያት አይኖርም። ስድስተኛ ፊደል ያስፈለጋችሁ ቀን አስቀድማችሁ ለሁሉም አሳውቁና ጨምሩ።

3. የተራ ቁጥሩ ከምን ይወጣል?

ቀላሉና ለሁሉም የሚገባው ቀድሞ ቃል የገባ ቀድሞ ይቀበላል የሚለው ነው። ችግሩ ያለው በጠርዞቹ ላይ ነው፤ እያንዳንዱን አስቀድማችሁ ወስኑ።

ደረጃውን ከፍ ያደረገ ሰው፣ ለምሳሌ መደበኛውን አዝዞ በኋላ ሚዛናዊ መውጫ (የግራና የቀኝ ድምፅ በተለያየ ሽቦ የሚሄድበት ሶኬት) ወዳለው የተሻገረ፣ የመጀመሪያውን ሰዓቱን ይዞ ይቀጥላል። ብዙ በመክፈሉ ወደ ኋላ ሊገፋ አይገባም። ሰርዞ ወጥቶ ከሳምንታት በኋላ የተመለሰ ግን የተመለሰበት ሰዓት ይቆጠርበታል።

ከዘመቻው በኋላ በቅድመ ሽያጭ የገቡ ሰዎች ከዘመቻው ደጋፊዎች ሁሉ በኋላ ይሰለፋሉ። በሁለት መድረኮች ላይ ዘመቻ ከነበረ ሰዓቶቹ በዓለም አቀፍ ሰዓት ተቀይረው በአንድ ዝርዝር ይደባለቃሉ። ሁለት ወረፋ ይዞ አንዱን ማስቀደም የተለመደ ስህተት ነው፤ ሰበቡም አንደኛው መድረክ ላይ ያለው ሰው ይበልጥ መጮሁ ነው።

አድራሻና የዕቃ ዓይነት የሚጠይቀውን መጠይቅ የሞላበት ቀን የተራ መለኪያ አይሁን። መጠይቅ ቀድሞ የሚሞላው ኢሜይሉን ቶሎ ያየ ሰው ነው፤ ያ የሰዓት ልዩነት እንጂ መብት አይደለም። አድራሻ ከማሸጊያው ቀን 14 ቀን በፊት ይቆለፍ። ያልሞላው በ«ሀ» ፊደል ይዘለላል። በሞላ ጊዜ ወደ ወረፋው ጭራ አይሄድም፤ ገና ባልተቆለፈው ቀጣይ ዙር መጀመሪያ ላይ ይገባል።

ብዙ ዕቃ ያዘዘ ሰው የራሱ ጣጣ አለው። አሥር ዕቃ ያዘዘ ነጋዴ ተራው ቀደም ያለ ከሆነ አሥሩንም በመጀመሪያው ዙር ይወስድና ሌሎች ገና እየጠበቁ ገበያ ላይ ያወጣቸዋል። እኛ የምንመክረው ይህን ነው፦ እስከ ሁለት ዕቃ አብሮ ይላክ፣ ሁለቱን መለየት ማጓጓዣውን በከንቱ ያበዛልና። ሦስተኛውና ከዚያ በላይ ያለው ሁሉም ሰው የመጀመሪያ ዕቃውን ካገኘ በኋላ ይላክ።

4. ዙሮችና ቀጣናዎች

እውነቱን ለመናገር በቁጥር ቅደም ተከተል ብቻ አንድ በአንድ መላክ አይቻልም። ጭነት በቀጣና ሲጠቃለል በጣም ይረክሳል። 30 በ25 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን 0.9 ኪሎ ቢመዝንም ፈጣን የመልእክት ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ይዘቱን (ርዝመት በስፋት በከፍታ) ለ5,000 አካፍለው 2.25 ኪሎ አድርገው ያስከፍሉታል። ብዙ ካርቶን በአንድ ጭነት ወደ ቀጣናው መጋዘን ልኮ እዚያ መበተን ያን ወጪ ይቀንሳል። ስለዚህ ቀጣና መጠቀሙ ጥፋት የለውም። ጥፋቱ አንዱን ቀጣና ጨርሶ ወደሌላው መሄድ ነው፤ የመጨረሻው ቀጣና ደጋፊዎች ተራቸው 5ም ይሁን 1,195 እኩል ይጠብቃሉ።

መፍትሔው በየዙሩ ለእያንዳንዱ ቀጣና በድርሻው ልክ መስጠት ነው። በቁጥር እንየው። የሚላከው 1,200 ዕቃ ነው፦ ሰሜን አሜሪካ 540፣ አውሮፓ 420፣ እስያና ፓስፊክ 180፣ ሌላው ዓለም 60። በመቶኛ 45፣ 35፣ 15 እና 5 ይሆናል። ፋብሪካው በየሁለት ሳምንቱ 200 ይሰጣል። ከ200ው 3 በመቶ፣ ማለትም 6 ዕቃ፣ ለምትክ ይቀመጥ። 194 ይቀራል።

ድርሻውን ስታሰሉ 87.3፣ 67.9፣ 29.1 እና 9.7 ይመጣል። ዕቃ አይከፈልም። ክፍልፋዩን ትታችሁ ሙሉ ቁጥሩን ስጡ፦ 87፣ 67፣ 29፣ 9፤ ድምሩ 192። የተረፉት ሁለት ዕቃዎች ትልቁ ክፍልፋይ ላላቸው ይሄዳሉ፤ 0.9 ያለው አውሮፓ አንድ፣ 0.7 ያለው ሌላው ዓለም አንድ። ውጤቱ 87፣ 68፣ 29 እና 10 ነው። በየቀጣናው ውስጥ ደግሞ በተራ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። በቀጣዩ ዙር ድርሻውን ከቀሪዎቹ ብዛት እንደገና አስሉት፤ የመጀመሪያውን መቶኛ እስከ መጨረሻ ከጎተታችሁት የክፍልፋዩ ስህተት ይጠራቀማል።

ልብ በሉ፣ መጠባበቂያው ከወረፋው ላይ የተነሣ ነው። በስድስት ዙር የሚላከው 1,164 ብቻ ነው፤ 36 ሰዎች ይቀራሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ማዘዝ ያለባችሁ 1,236 ነው። 1,200 አዝዘው መጠባበቂያውን ከመጨረሻዎቹ ሰዎች ድርሻ የሚቆርጡ አሉ፤ ያ ማለት የመጀመሪያዎቹን ብልሽት የመጨረሻዎቹ ይከፍላሉ ማለት ነው።

ከዚያ የማዘግየት ጣሪያ ያስፈልጋል። የአንድ ሰው ተራ ቁጥር ለ194 ተካፍሎ ወደ ላይ ሲጠጋጋ ቀጣና ባይኖር ኖሮ የሚደርሰውን ዙር ይሰጣል። ተራው 400 የሆነ ሰው 2.06 ይመጣለታል፤ ዙሩ 3 ነው። በቀጣና ምክንያት ወደ 4ኛ ዙር ሊገፋ ይችላል፣ ወደ 5ኛ ግን አይገፋም። ጣሪያውን የሚያልፍ ሰው ከተገኘ ከቀደመው ቀጣና ላይ ዕቃ ተነሥቶ ይሰጠዋል። የዘመቻው የመጀመሪያ ቀን ደጋፊዎች ከአንድ አገር የበዙ ከሆነ ይህ ጣሪያ ብዙ ጊዜ ያስፈልጋችኋል።

ትንሹ ቀጣና በአንድ ዙር 10 ዕቃ ብቻ ሲደርሰው ማጓጓዣው ይወደዳል። ከቀጣዩ ዙር ጋር አቆይቶ 20 አድርጎ መላክ ይቻላል፤ ለአንድ ዙር ብቻ። ሁለተኛ ዙር ማቆየት ከጣሪያው ያስወጣችኋል።

የፈቃድ ነገርም አለ። ለአውሮፓ የሲኢ፣ ለአሜሪካ የኤፍሲሲ፣ ከመብራት ወይም ከሊቲየም ባትሪ ጋር ለተያያዘ ብዙ ዕቃ ለጃፓን የፒኤስኢ ምልክት ይጠየቃል። የአንዱ ቀጣና ፈቃድ ቢዘገይ ሁሉንም አታቁሙ። ድርሻውን ለሌሎቹ አበድሩትና ብድሩን በመዝገብ ያዙት። ፈቃዱ ሲመጣ ያ ቀጣና ብድሩ እስኪመለስ በየዙሩ እስከ ድርሻው እጥፍ ይወስዳል።

ስለ ግብር ባጭሩ፦ የመዘግየት አንዱ መዘዝ በመሃል ሕግ መለወጡ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከ22 ዩሮ በታች ለሆነ ዕቃ የነበረውን የግብር ነፃነት አንሥቷል። አሜሪካም ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ እስከ 800 ዶላር የነበረውን ከቀረጥ ነፃ መግቢያ አግዳለች። ዘመቻው ሲከፈት የተሠራውን የማጓጓዣ ሒሳብ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት እንደገና አስሉት፤ አዲስ ወጪ ደጋፊው ላይ የሚያርፍ ከሆነም ከመላካችሁ በፊት ንገሩት። በሩ ላይ በጉምሩክ ደረሰኝ የሚያውቅ ሰው ዕቃውን አልቀበልም ይላል፤ የተመለሰ ካርቶን ደግሞ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል።

5. ዓይነት፣ ቮልቴጅ፣ ቺፕ

የድምፅ መሣሪያ ወረፋ ከሌላው ዕቃ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ጥቁሩን ሌላው ብርማውን፣ አንዱ 3.5 ሚሊ ሜትር ሶኬት ብቻ ሌላው 4.4 ሚሊ ሜትር ሚዛናዊ መውጫ ይፈልጋል። ለየዓይነቱ የተለየ ወረፋ አትክፈቱ። ወረፋው አንድ ይሁን፤ ተራው ደርሶ ዓይነቱ ያልተሠራለት ሰው በ«ለ» ፊደል ይዘለል፣ ዓይነቱ ሲመጣም በቁጥሩ ከሁሉ ይቅደም። ጥቁሩ ተሠርቶ ብርማው ከዘገየ፣ ብርማ ያዘዙት ሁሉ በተራ ወደ ጥቁር የመቀየር ምርጫ ይቅረብላቸው፤ መልስ ለመስጠት 5 ቀን በቂ ነው። የቀየረ ሰው ቁጥሩን አያጣም።

ቮልቴጅ ግን ቀልድ አያውቅም። ትልቅ ትራንስፎርመር ባለው ማጉያ ላይ ለ115 ቮልት የተገጠመው በ230 ቮልት ቢሰካ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ፊውዙ ካልቀደመ ትራንስፎርመሩ። ለማፍጠን ብላችሁ የአንዱን ቀጣና ክምችት ወደ ሌላው ከማዛወራችሁ በፊት የቮልቴጅ መምረጫው ተቀይሮ፣ ፊውዙ በትክክለኛው አምፔር ተተክቶ፣ ጀርባ ላይ ያለው ምልክት ተለውጦ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ሰው ይኑር።

ከሁሉ የሚያወዛግበው የቺፕ ለውጥ ነው። ኦክቶበር 20 ቀን 2020 በጃፓን ኖቤኦካ የሚገኘው የቺፕ አምራቹ የኤኬኤም ፋብሪካ ተቃጥሎ በዓለም ዙሪያ የድምፅ መቀየሪያ ቺፖች (ዲጂታል ፋይልን ወደ ድምፅ የሚቀይሩት) ጠፍተው ነበር። ብዙ የመሣሪያ አምራቾች ኢኤስኤስ ወደተባለው ሌላ ኩባንያ ቺፖች ዞሩ። ይህ አንዱን ነቅሎ ሌላውን መሰካት አይደለም፤ እግሮቹ አይገጥሙም፣ ከቺፑ በኋላ ያለው የአናሎግ ክፍልም እንደገና ይነደፋል፣ ሰሌዳው እንደገና ይታተማል፣ ልኬቱና የፈቃድ ምርመራው ከነበረበት ይደገማል።

እንዲህ ሲሆን በአንድ ወረፋ ውስጥ ሁለት የተለያየ መሣሪያ ይፈጠራል። የመጀመሪያዎቹ 300 በአሮጌው ቺፕ፣ የቀሩት በአዲሱ። አሮጌውን የሚሻ አለ፣ አዲሱን የሚሻ አለ። የሁለቱንም ልኬት፣ የመውጫ ቮልቴጁን፣ የተዛባ ድምፅ መጠኑንና የባትሪ ዕድሜውን ጎን ለጎን አውጡ። ከዚያ ከተራ 1 ጀምሮ ምርጫ ስጡ። አሮጌው 300 ሲሞላ ምርጫው ይዘጋል። አዲሱን የመረጠ ተራ 12 ሰው አዲሱ ሲሠራ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ይቀበላል። ለውጡን ደብቆ መላክ አያዋጣም፤ የድምፅ መሣሪያ ገዢ ክዳኑን ይከፍታል።

6. የመጀመሪያው ዙር የክብር ቦታ አይደለም

ከተሞክሮ የሚታወቅ ነገር አለ፦ ብዙ ጉድለት የሚገኘው በመጀመሪያው ዙር ላይ ነው። የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው በዝቅተኛ ደረጃ ግራና ቀኝን ያዛባል፤ ሲበራ ጆሮ ላይ የሚጮህ ድምፅ ይለቃል፤ ፈርምዌሩ (የመሣሪያው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ትልቅ የሙዚቃ ማኅደር ሲያነብ ይቆማል። ተራ 1 የሆነ ታማኝ ደጋፊ የሙከራ እንስሳ እንዳይሆን ከዋናው ዙር በፊት ከ20 እስከ 50 የሚሆን የሙከራ ዙር አውጡ። የሚገቡበት በፈቃዳቸው ይሁን፤ ከሁሉም ቀጣናና ከወረፋው መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ ይመረጡ። ፈቃደኞች ከበዙ ዕጣ ይውጣ። ከኋላ የተመረጠው ሰው እንዳልተቀደመ ሌላው እንዲያውቅ ይህ ዙር በዝርዝሩ ላይ ሙከራ ተብሎ ይጻፍ። ለእነዚህ ሰዎች ዕቃው ቢበላሽ ምትኩ በቀጥታ ከመጠባበቂያ ይሰጣቸዋል።

እያንዳንዱ ዕቃ ከመታሸጉ በፊት 24 ሰዓት በርቶ ይቆይ። የግራና የቀኝ ልዩነት ከ0.5 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ በጆሮ ማዳመጫ መውጫው ላይ ያለው ቀጥተኛ ቮልቴጅ ከ10 ሚሊ ቮልት እንዳያልፍ ይለካ። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ምክር ብዙ ያድናችኋል፦ ሲሪያል ቁጥሩን ከሰው ስም ጋር የምታገናኙት ካርቶኑ ሲታሸግ ብቻ ነው። አስቀድማችሁ ካገናኛችሁት አንድ ዕቃ ፍተሻ ሲወድቅ አንድ የተወሰነ ሰው ይዘገያል። ካላገናኛችሁት የወደቀው ወደ ጥገና ይሄዳል፣ ሰውየው ቀጥሎ ያለውን ይወስዳል። ስም ተቀርጾበት የሚላክ ዕቃ ብቻ ከዚህ ይለያል።

ባትሪ ያለው ዕቃ መጋዘን ውስጥ ወራት ከተቀመጠ ባትሪው ባዶ ሆኖ እንዳይሞት በግማሽ ገደማ ተሞልቶ ይቀመጥ፣ በየሦስት ወሩም ናሙና ይለካ። በመሣሪያው ውስጥ የተገጠመ የሊቲየም አዮን ባትሪ ሲጓጓዝ ዩኤን 3481 በተባለው የአደገኛ ጭነት ቁጥር ሥር ይመደባል፤ አጓጓዡ የዩኤን 38.3 የምርመራ ሰነድ ይጠይቃችኋል። አንዳንድ የፖስታ አገልግሎቶች ጨርሶ ስለማይቀበሉት በ«መ» ፊደል የሚዘለሉትን አገሮች ከመጀመሪያው ዙር ሁለት ወር ቀድማችሁ እወቁና ሌላ አጓጓዥ ፈልጉ።

ለምትክ የተቀመጠው 3 በመቶ ቢያልቅስ? ብልሽት የደረሰው ሰው ተራው ከዚህ በፊት ነበር፤ ስለዚህ በቀጣዩ ዙር ቀድሞ ይወስዳል። የዋስትና ጊዜውም ዘመቻው ከተዘጋበት ቀን ሳይሆን ዕቃው እጁ ከገባበት ቀን ይቆጠር። ካልሆነ ዘግይቶ የተቀበለ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

7. ዕጣ ሲያስፈልግ

በመጀመሪያው ሰዓት 400 ሰው ገብቶ ከሆነ የሴኮንድ ልዩነት የኢንተርኔት ፍጥነትን እንጂ እምነትን አይለካም። ያን ሰዓት እንደ አንድ ቡድን ቆጥሮ በቡድኑ ውስጥ ዕጣ ማውጣት ይሻላል። የሰዓቱ መዝገብ የጠፋባቸው ዘመቻዎችም ወደ ዕጣ ይሄዳሉ። ዕጣው ግን ማንም እንደገና አውጥቶ የሚያረጋግጠው መሆን አለበት፤ ቢሮ ውስጥ በኤክሴል የወጣ ዕጣ ዋጋ የለውም፣ ደስ የሚል ውጤት እስኪመጣ መደጋገም ይቻላልና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመለያ ቁጥሮቹን ዝርዝር በአንድ ፋይል አድርጋችሁ የፋይሉን የኤስኤችኤ-256 አሻራ (ከፋይሉ በኮምፒውተር የሚሰላ፣ አንድ ፊደል እንኳ ቢነካ የሚለወጥ ቁጥር) ከዕጣው 48 ሰዓት በፊት አውጡ። ከዚያም የሚመጣ አንድ ቀንና ደቂቃ ጥቀሱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በየ60 ሴኮንዱ ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው የማይችል ረጅም ቁጥር በይፋ ያወጣል፤ በዚያች ደቂቃ የወጣውን ውሰዱ። ያን ቁጥር፣ ሰረዝ፣ ከዚያ የደጋፊውን መለያ አጣብቃችሁ የእያንዳንዱን ኤስኤችኤ-256 አስሉ። ውጤቶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ፤ የዕጣው ቅደም ተከተል ያ ነው።

የሚበላሸው በጥቃቅኑ ነው። 47 እና 047 የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ። ከቁጥሩ በኋላ የገባ ባዶ ቦታ ወይም የመስመር ማብቂያ ውጤቱን ፈጽሞ ይቀይረዋል። ስለዚህ ለአንድ የምናብ መለያ የተሠራ ምሳሌ ከነውጤቱ አስቀድማችሁ አሳዩ። ተቋሙ በዚያች ደቂቃ ቁጥር ባያወጣ ከዚያ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ቁጥር እንደሚወሰድም ይጻፍ። ያ ካልተጻፈ ዕጣው ሲደገም ማንም አያምናችሁም።

8. ወረፋን የሚያፈርሱ ነገሮች

የሚጮኸውን ማስቀደም። ክስ አቀርባለሁ፣ በባንኬ በኩል ገንዘቤን አስመልሳለሁ የሚል ሰው ዕቃው በማግሥቱ ሲላክለት፣ ሌሎቹ መጮህ እንደሚያዋጣ ይማራሉ። ደብዳቤ የሚመልሰው ሰው የወረፋውን መዝገብ የማንበብ እንጂ የመቀየር ፈቃድ አይኑረው። ለሚጮኸው ሰው ተራውን፣ ዙሩንና ገንዘቡን ማስመለስ ከፈለገ መንገዱን መስጠት ይበቃል። ገንዘብ ማስመለሻውም የራሱ ወረፋ ይኑረው፣ በጥያቄው ቀን ቅደም ተከተል።

ተራ መሸጥ። ፈጣን አጓጓዥ ለመረጠ ሰው ተጨማሪ ክፍያ መቀበል ነውር የለውም፤ የሚገዛው መንገድ ላይ ያለውን ቀን እንጂ ከመጋዘን የሚወጣበትን ቀን መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰበው፣ ስፒከር የተገጠመለት የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሣጥን ኩለስት ኩለር፣ ደጋፊዎች እየጠበቁ ዕቃውን በአማዞን መሸጡ፣ በኋላም ቶሎ ለሚፈልጉ ደጋፊዎች ተጨማሪ 97 ዶላር መጠየቁ እስከ ዛሬ የሚነሣው ለዚህ ነው። ኩባንያው በ2019 ሲዘጋ ወደ 20,000 ሰው ገና አልተቀበለም ነበር።

ከዚያው ጋር የመደብር ሽያጭ። ደንቡ ደጋፊ ሳያልቅ ለሌላ አይሸጥም ነው። ሥራውን ለማትረፍ ገንዘብ ግድ ካላችሁ ግን ጣሪያ አድርጉ፦ ለአንድ የተሸጠ ዕቃ አራት ለደጋፊ ይላክ፤ ከሽያጩ የተገኘው ትርፍ ለቀሪዎቹ ደጋፊዎች ዕቃ ክፍል መግዣ ብቻ ይዋል፤ ሁለቱም ቁጥሮች በየሳምንቱ ይውጡ። ይህ ጥሩ መፍትሔ አይደለም። በድብቅ ከሚሸጥ ግን ይሻላል።

ለገምጋሚዎች የሚሰጥ ዕቃም እንዲሁ። ከአጠቃላዩ 1 በመቶ አይለፍ፣ ብዛቱም ይነገር። ከሁሉ የሚሻለው ሦስት አራት ዕቃ ከገምጋሚ ወደ ገምጋሚ እየዞረ መመለሱ ነው።

9. የሚወጣው ዝርዝርና ሳምንታዊው መግለጫ

በይፋ የሚወጣው መለያ ቁጥር፣ ተራ፣ ዓይነት፣ ቀጣና፣ ዙር፣ የተላከበት ቀንና የመዝለያ ፊደል ነው። ስም፣ ኢሜይልና አድራሻ አይወጣም። ቀጣናው ትንሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከአንድ አገር ሁለት ሰው ብቻ ካለ፣ አገሩን አትጻፉ።

መግለጫው አጭር ይሁን፦ በሳምንቱ የተላከ፣ የቀረ፣ በፍተሻ የወደቀ፣ በየፊደሉ የተዘለለ፣ በመጠባበቂያ ያለ። ምንም ያልተላከበት ሳምንትም ዜሮ ተጽፎ ይወጣል። የቻይና ፋብሪካዎች በጨረቃ አዲስ ዓመት፣ ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ፣ ስለሚዘጉና ሠራተኛው ሁሉ በአንዴ ስለማይመለስ በዚያ ጊዜ የሚወድቅ ዙር እስከ አራት ሳምንት ሊገፋ ይችላል። ይህ በየዓመቱ የሚታወቅ ስለሆነ እንደ ድንገተኛ ችግር አትንገሩት።

10. ወረፋውን መዝጋት

የመጨረሻው ዙር ከወጣ በኋላ ሁለት ዓይነት ረድፍ ይቀራል፦ አድራሻ ያልሰጡና ካርቶናቸው የተመለሰ። ለመጀመሪያዎቹ በ30 ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ይጻፍላቸው፤ ከተቻለም አንዱ በመድረኩ መልእክት፣ አንዱ በኢሜይል ይሁን፣ የድሮ ኢሜይላቸውን የማያዩ ብዙ ናቸውና። የተመለሰ ካርቶን ከመላኩ በፊት ተከፍቶ ይፈተሽ፤ ሁለት ጊዜ የተጓዘ የጆሮ ማዳመጫ ማጠፊያው ይላላል። ዳግም የሚላክበትን ወጪ ማን እንደሚከፍል በደንቡ ላይ ካልጻፋችሁ፣ የአድራሻ ስህተቱ የደጋፊው ከሆነ እሱ፣ የእናንተ ከሆነ እናንተ ክፈሉ። የእነዚህ ሰዎች ዕቃ በስማቸው ተለይቶ ቢያንስ ለአንድ ዓመት መጋዘን ይቀመጥ፤ ወደ መደብር ሽያጭ የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው።

የምትክ መጠባበቂያው ግን ከመጨረሻው ርክክብ አንሥቶ የዋስትናው ዘመን እስኪያልቅ አይሸጥ። የሰሌዳው ቺፕ ከገበያ ጠፍቶ ከነበረ፣ ያ ሣጥን ብቸኛው መለዋወጫ ነው።